ከማዘጋጃ ቤት እስከ ሳንሱሲ፤ የቴሌቪዥን ተውኔት የተጓዘበት መንገድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አምቦ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና፣ አስኮን አልፎ ከተማይቱን ሊሰናበት ሲቃረብ፣ ሳንሱሲ የሚባል ሠፈር ያገኛል። ስሙ ፈረንሳይኛ ነው፤ «ያለ ጭንቀት» እንደ ማለት ነው። የፕሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ በ18ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ፖትስዳም ላይ ላሠራው የበጋ ቤተ መንግሥት የሰጠው ስም ይኸው ነበር። የአምቦ መንገዱ ሳንሱሲ ግን ከጭንቀት የራቀ ስፍራ አይደለም። ገና ጎሕ ሲቀድ ከባድ መኪናዎች እያቃሰቱ ያልፋሉ፤ የታክሲ ረዳቶች የአስኮንና የቡራዩን ስም እየጠሩ ተሳፋሪ ይሻማሉ፤ ገበያተኛው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በጉራግኛ ዋጋ ይከራከራል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በዚሁ ሠፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ የአንድ ግለሰብ ግቢ ውስጥ፣ ለቴሌቪዥን የሚሆን ተከታታይ ተውኔት ሲቀረጽ ለሁለት ቀናት ያህል ለመመልከት ዕድል አጋጥሞት ነበር። ልጅዋ መሞቱን የተረዳች እናት የምታለቅስበት ትዕይንት ነበር። ተዋናይቷ ልቅሶዋን ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስት ጊዜ አቋረጠች። ሦስቱንም ጊዜ ያቋረጣት አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ነው። የድምፅ ባለሙያው ማዳመጫውን ከጆሮው እያነሣ «እንደገና» ባለ ቁጥር፣ ያቺ ሴት እንባዋን እንደምን አድርጋ መልሳ እንደምታመጣው ስመለከት፣ ለሙያዋ ያለኝ አክብሮት ይበልጥ ጨመረ።

በታሪኩ መሠረት ቤቱ ቦሌ የሚገኝ የአንድ ባለጸጋ ነጋዴ መኖሪያ ነው። በመሆኑም የግቢው በር በምስሉ ውስጥ እንዳይገባ ብርቱ ጥንቃቄ ይደረግ ነበር፤ በሩ ሲከፈት ወዲያ ማዶ የሚታየው የጭድ ክምርና ጭነት የሚጠብቁ አህዮች ቦሌን አይመስሉምና።

ለረጅም ዘመን ከፒያሳና ከቸርችል ጎዳና ርቆ የማያውቀው የትርኢት ሥራ እዚህ ድረስ እንዴት መጣ? ሲመጣስ ምን ይዞ መጣ፣ ምንስ ጥሎ መጣ? ይህን ለመረዳት ነገሩን ከሥሩ መመልከት ያስፈልጋል።

የአዲስ አበባ ዘመናዊ ቴአትር የተወለደበትና ያደገበት ስፍራ አንድ ሰው በእግሩ በግማሽ ሰዓት ሊያዳርሰው የሚችል ነው። በአንደኛው ጫፍ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ የሀገር ፍቅር ቴአትር ይገኛል። የሀገር ፍቅር ማኅበር በመኰንን ሀብተ ወልድ አነሳሽነት የተመሠረተው ሐምሌ 11 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው፤ የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ከመፈጸሙ ጥቂት ወራት አስቀድሞ፣ ሕዝቡን በንግግርና በዜማ ለተጋድሎ ለመቀስቀስ ታስቦ ነበር። በሌላው ጫፍ፣ ወደ ለገሃር ሲቃረቡ፣ ብሔራዊ ቴአትር አለ። ይህ ሕንፃ በወረራው ዘመን ሲኒማ ማርኮኒ በሚል ስም ተጀምሮ የነበረ ሲሆን፣ በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ የዘውድ በዓል ሲከበር በራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ድርሰት በ«ዳዊትና ኦርዮን» የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ። በሁለቱ መካከል፣ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል እየተመለከተ፣ የአፍሪካ አዳራሽን የነደፈው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የሠራው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ይቆማል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አገልግሎቱን የጀመረው በዚሁ በማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ፣ በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. ነበር። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ከተመሠረተ ገና አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቢሆነው ነው። ቶምሰን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በሙያ ረገድ እገዛ አድርጓል። ምስሉ ጥቁርና ነጭ፣ ስርጭቱ በቀን ለጥቂት ሰዓት፣ አድማሱም ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ የማያልፍ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ቴሌቪዥን የራሱን ተዋናይ ይዞ አልመጣም። የራሱ ደራሲም አልነበረውም። ሁለቱንም ከመድረክ ተበደረ። የመበደሩ ምክንያት የጥበብ ብቻ ሳይሆን የመልክዐ ምድርም ነበር። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ትርኢት የሚተላለፈው በቀጥታ በመሆኑ፣ ተዋናዩ በተወሰነው ሰዓትና ደቂቃ ስቱዲዮው ውስጥ መገኘት ነበረበት። ጠዋት ሀገር ፍቅር የተለማመደ ሰው ማታ ማዘጋጃ ቤት ካሜራ ፊት የሚቆመው ሁለቱ ቤቶች ጎረቤታሞች ስለ ሆኑ ነው። ካሜራው እንደ ካቢኔ የከበደ፣ ገመዱ ከግድግዳ የማይላቀቅ ነበርና፣ ተውኔቱ ወደ ካሜራው ሄደ እንጂ ካሜራው ወደ ተውኔቱ አልሄደም።

ከዚህ የተነሣ በሦስቱ ቤቶች መካከል የነበረው መንገድ ራሱ ትምህርት ቤት ለመሆን በቃ። ወጣቱ ተዋናይ አንጋፋውን ተከትሎ ይሄዳል፤ ቡና ቤት ገብቶ ጥግ ይቀመጣል፤ ስለ አንድ ቃለ ተውኔት አነጋገር ሲከራከሩ ይሰማል። ከአንጋፋዎቹ አንደበት ደጋግሜ እንደሰማሁት፣ አንድ ተውኔት ወደ መድረክ ከመውጣቱ በፊት በጠረጴዛ ዙሪያ ለሳምንታት ይነበብ ነበር። ደራሲው አብሮ ይቀመጣል፤ «ይህ ቃል በአፌ አልሄደልኝም» የሚለው ተዋናይ ወይ ያሳምነዋል ወይ ይረታል። ይህን የማነሣው በናፍቆት ተገፋፍቼ አይደለም። በዚያ መንገድ ላይ ሐሜትም፣ ቅናትም፣ ደጅ ጥናትም እንደ ነበረ የማያውቅ የለም። ነገር ግን ሙያው ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍበት አንድ የታወቀ ስፍራ ነበር።

ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የኪነት ቡድኖች በየቀበሌውና በየፋብሪካው ሲቋቋሙ፣ ኮልፌን የመሳሰሉ የምዕራብ ሠፈሮችም ትርኢት አመንጪዎች ለመሆን ጀመሩ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የቀድሞው ሲኒማ ራስ ወደ ራስ ቴአትርነት ሲለወጥ፣ ቴአትር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መርካቶ ተጠጋ። የዩኒቨርሲቲው የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍልም የዚሁ ዘመን ፍሬ ነው። ቴሌቪዥኑ በ1977 ዓ.ም. መባቻ፣ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር፣ ባለ ቀለም ሆነ። ይሁንና ቀለሙ መጣ እንጂ ስቱዲዮው ከማዘጋጃ ቤት አልተነቃነቀም። የመዝናኛው ትርኢት፣ አጫጭሩ ተውኔት፣ ጭውውቱ ሁሉ የሚዘጋጀው እዚያው ነበር። ተመልካቹም የካርቶኑን ግድግዳ ለምዶት ነበር፤ በር በኃይል ሲዘጋ ግድግዳው ቢወዛወዝም እንዳላየ ሆኖ ያልፈው ነበር።

እውነተኛው ስደት የተጀመረው ካሜራው በቀለለ ጊዜ ነው። በ1990ዎቹ ቪዲዮ፣ ቀጥሎም ዲጂታል ካሜራ እጅ ላይ ሲገባ፣ «ቀዝቃዛ ወላፈን»ን የመሳሰሉት የቴዎድሮስ ተሾመ ፊልሞች ያለ ሴሉሎይድ ፊልም ተሠርተው ሲኒማ ቤት ሲሞሉ፣ አንድ ነገር ግልጽ ሆነ፤ ትርኢት ለመሥራት የመንግሥት ስቱዲዮ አያስፈልግም፤ አንድ ቤት ይበቃል። ቴሌቪዥን ጣቢያውም ጠባዩን ለወጠ። ቀደም ሲል ራሱ ደራሲና አዘጋጅ ጠርቶ በራሱ ካሜራ ያሠራ የነበረው፣ አሁን ግል አዘጋጆች ሠርተው ያመጡትን የሚቀበል ሆነ፤ ወጪውንም የሚሸፍነው ማስታወቂያ አስነጋሪው ድርጅት ሆነ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የአዳነች ወልደ ገብርኤል «ገመና»፣ ቀጥሎም «ሰው ለሰው» የከተማውን ሰው ወደየቤቱ ሰብስበው ባስቀመጡበት ጊዜ፣ ተመልካቹ የሚያየው የካርቶን ግድግዳ ሳይሆን እውነተኛ ሳሎን፣ እውነተኛ ግቢ፣ እውነተኛ ደረጃ ነበር።

ያ እውነተኛ ሳሎን ግን ኪራይ ይጠይቃል። አዘጋጁ ለወራት የሚቀረጽበት፣ መኪና የሚያቆምበት፣ ጀነሬተር የሚያስነሣበት፣ ጎረቤት የማያማርርበት ሰፊ ግቢ ይፈልጋል። ይህን በፒያሳ ማግኘት ዘበት ሆነ፤ በቦሌ ደግሞ ዋጋው የሚቀመስ አልሆነም። ስለዚህ ሥራው ወደየዳርቻው ወጣ፤ ወደ አያት፣ ወደ ጀሞ፣ ወደ አስኮ፣ ወደ ሳንሱሲ። ተዋናዩም ቢሆን ቀድሞ ሄዶ ነበር። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መሠራት ሲጀምሩ፣ በአራዳ የቀበሌ ቤት ይኖር የነበረው የጥበብ ሰው ዕጣ በወጣለት አቅጣጫ ተበተነ። ከገላን ተነሥቶ ሳንሱሲ ለቀረጻ የሚመጣ ተዋናይ ከተማይቱን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል። በዚህ መካከል አንጋፋና ጀማሪ ጎን ለጎን የሚሄዱበት የግማሽ ሰዓት መንገድ የለም። ያለው የታክሲ ሰልፍ ነው።

ስደቱ በከተማይቱ ዳርቻ ብቻ አልቆመም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 የተቋቋመው ኢቢኤስ ዋና መሥሪያ ቤቱን ያደረገው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ቴሌቪዥን ከአትላንቲክ ማዶ ሆኖ በሳተላይት ወደ አዲስ አበባ ሳሎን ሲገባ፣ ማእከልና ዳርቻ የሚሉት ቃላት ትርጕማቸው ተዛባ። በመጋቢት 2008 ዓ.ም. ደግሞ ቃና መጣ። ቃና በአብዛኛው የቱርክንና የሌሎች አገሮችን ተከታታይ ፊልሞች በአማርኛ ድምፅ ተክቶ ያቀርብ ስለ ነበር፣ አካሉ በኢስታንቡል፣ አንደበቱ በአዲስ አበባ የሆነ ተውኔት ለመጀመሪያ ጊዜ በብዛት አየን። በጊዜው የቴአትርና የፊልም ባለሙያዎች ተቃውሞ አሰምተዋል፤ ሥጋታቸውም መሠረት አልነበረውም አይባልም። ባለሙያዎቹ ሊዘነጉት የማይገባ አንድ ነገር ግን ነበር። ተመልካቹ ወደ ባዕዱ ታሪክ የነጎደው ባዕድ ስለ ናፈቀው ብቻ አይደለም። እነዚያ ፊልሞች የቦስፎረስን ባሕር፣ የመንደሩን ዳቦ ቤት፣ የዓሣ አጥማጁን ጀልባ አይደብቁም። የሚቀረጹበትን ስፍራ ያሳያሉ። እኛ ደግሞ የምንቀርጽበትን ስፍራ በር ዘግተን እንደብቃለን።

ይህ የመደበቅ ልማድ የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካኖቹ የቴሌቪዥን ሥራ ከሎስ አንጀለስ ወደ ካናዳ በተሰደደ ጊዜ ቫንኩቨር ራሷን መስላ የታየችበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። «ዘ ኤክስ ፋይልስ» የተባለው ዝነኛ ተከታታይ ፊልም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1993 ጀምሮ ለአምስት የትርኢት ዘመናት የተቀረጸው ቫንኩቨር ውስጥ ሲሆን፣ ዝናብና ጥዷ ተራ በተራ የአሜሪካ ግዛት ሁሉ ምስል ሆና አገለገለች። በ1998 ሥራው ወደ ሎስ አንጀለስ ሲመለስ፣ ትርኢቱ በድንገት ፀሐያማ መሆኑን ተመልካቹ ወዲያው አስተዋለ። የሆሊውድ ባለሙያዎች ማኅበራት በ1999 ባሠሩት ጥናት፣ ሥራ ወደ ውጭ በመሸሹ ብቻ በ1998 አገራቸው 10.3 ቢሊዮን ዶላር እንዳጣች ቆጥረዋል። እነዚያ የሸሹት የምንዛሪ ልዩነትንና የግብር ቅናሽን ተከትለው ነው። የእኛዎቹን ያሰደዳቸው የቤት ኪራይ፣ የመኪና ጡሩምባና የመሬት ዋጋ ነው። የናይጄሪያ ሰዎች ታሪክ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። የቪዲዮ ፊልም ሥራቸው ከሌጎስ ጫጫታ በከፊል ወደ አሳባ ከተማ በወጣ ጊዜ፣ ሠፈሩንና የገጠር ግቢውን ከነቋንቋው ቀሰ ይዘው በታሪካቸው ውስጥ አስገቡት።

ወደ እኛው ስንመለስ፣ ማእከሉ ራሱ ተነሥቶ የሄደበትን ዘመን ለማየት በቅተናል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዙሪያው ያሉ አሮጌ ቤቶች በብዛት ሲፈርሱ ነዋሪዎቻቸው ወደ ከተማይቱ ዳርቻዎች ተዛወሩ። በዚያው ሰሞን ብሔራዊው የቴሌቪዥን ጣቢያም በከተማይቱ ሰሜን ምዕራብ፣ ሸጎሌ ላይ ያስገነባውን አዲስ የሚዲያ ሕንፃ ሥራ አስጀምሯል። የቀድሞዎቹ ቡና ቤቶች ሲፈርሱ የተሰማኝን ስሜት ለሌላ ጊዜ አቆየዋለሁ፤ ስለ ፒያሳ በዚያ ሰሞን ያልገጠመ ገጣሚ አልነበረምና፣ ከግጥሞቹም መካከል ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው የሚነበቡት።

እንግዲህ ጥያቄው ሥራው ለምን ተሰደደ የሚል አይደለም፤ ያ ታውቋል። ጥያቄው ካሜራው ሳንሱሲ ሲደርስ ታሪኩ ለምን ቦሌ ቀረ የሚል ነው።

በእኔ ግምት መልሱ ከዚያ ከጠፋው የንባብ ጠረጴዛ ጋር የተያያዘ ነው። በሳንሱሲው ግቢ እንዳየሁት፣ የዕለቱ ጽሑፍ ለተዋንያኑ የደረሳቸው ማለዳ በስልካቸው ነው። አንዱ ተዋናይ ከአንዱ ጋር የተገናኘው ልብስ ሲለብስ ነው። ደራሲው በቦታው አልነበረም፤ ሳንሱሲንም አላየም። ቤቱ የተገኘው ታሪኩ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ነውና፣ ጽሑፉ ስለ ግቢው፣ ግቢውም ስለ ጽሑፉ የሚያውቁት ነገር የለም። በዚያ በጥንቱ ዘመን ደራሲና ተዋናይ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡ ስለ ነበር፣ ቢያንስ አንድ ሰው ተነሥቶ «ለምን ታሪኩን እዚሁ አናደርገውም?» ሊል ይችል ነበር። ይህን የምለው ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም። እኔም ለአንድ ተከታታይ ተውኔት አሥራ ሁለት ክፍል ስጽፍ አንድ ቀን እንኳ ወደ ቀረጻው ስፍራ አልሄድኩም። «ሰፊ ሳሎን፣ ቀን» ብዬ ጻፍኩ፤ ሳሎኑ የት እንደሚሆን አልጠየቅሁም።

ለፍርድ እንዲመች ሌላውንም ወገን መናገር ይገባል። ከመድረክ የመጣው አነጋገር ለካሜራ የሚመች አልነበረም። ስምንት መቶ ሰው ለማሰማት የሠለጠነ ድምፅ፣ ካሜራው አንድ ክንድ ርቆ ሲቆም ጩኸት ይሆናል። እጅን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ እያንዳንዱን ቃል እየረገጡ መናገር ለረጅም ዘመን የቴሌቪዥን ተውኔታችን በሽታ ነበር። ከዚህ በሽታ የፈወሰን ትምህርት ብቻ አይደለም፤ ጠባቡ ክፍል ነው። በእውነተኛ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች የምትናገር ተዋናይ እንደ ንግሥት ልትናገር አይቻላትም። የሳንሱሲዋ እናት በሦስተኛው ጊዜ ልቅሶዋን ስትጀምር ድምፅ አላሰማችም፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ አስገብታ ነክሳ ያዘች። እንዲህ ያለ ነገር በማዘጋጃ ቤቱ ስቱዲዮ ይታይ እንደ ነበር እጠራጠራለሁ።

ታሪኩም ከካሜራው ጋር አብሮ ሊወጣ እንደሚችል ያሳየን ሥራ አለ። በቅድስት ይልማ አዘጋጅነት በአርትስ ቴሌቪዥን የቀረበው «እረኛዬ» የታሪኩን ዋና መድረክ የገጠር መንደር አድርጎ ሲነሣ፣ ከተሜው ተመልካች ይሰለቻል የሚል ሥጋት ነበር። ተመልካቹ ግን አልሰለቸም። ለምን ቢሉ፣ እዚያ ውስጥ አጥሩም፣ ማሳውም፣ የሴቶቹ የአነጋገር ዘይቤም የታሪኩ አካል እንጂ መደበቅ ያለበት ነውር አልነበረም።

ሳንሱሲ የዚያን ያህል ታሪክ የላትም የሚል ካለ፣ አንድ ጠዋት መንገዱ ዳር ይቁም። ከከተማው የሚወጣውና ወደ ከተማው የሚገባው እዚህ ይተላለፋል። ጥቂት እልፍ ሲሉ የአዲስ አበባ ወሰን ያበቃና፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ የተጠቃለለው ቡራዩ ይጀምራል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ባል ከወሰኑ ወዲህ፣ የሚስት እናት ከወሰኑ ወዲያ ይኖራሉ። ለሠርግና ለልቅሶ የሚሻገሩት መስመር ለቀረጻ ፈቃድ ሲሆን ሌላ አስተዳደር፣ ሌላ ደብዳቤ ይሆናል። በሁለተኛው ቀን አዘጋጁ የባሕር ዛፉን ዳገት በሩቁ እያየ «እዚያ ብንቀርጽ ግሩም ነበር» አለና፣ የያዘው ደብዳቤ እስከዚያ እንደማይደርስ ትዝ ሲለው ካሜራውን ወደ ሳሎኑ መለሰው።

ከቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል የሚኖሩ አሮጊት ለቀረጻው ቡድን ቡና ያፈሉ ነበር። ሁሉም «እማማ» ይሏቸዋል። በምሳ ሰዓት ጀበናቸውን አስቀምጠው አዘጋጁን ጠየቁት፦

«ልጄ፣ ይኸ ፊልም ሲታይ ቤታችን ይታያል?»

«ይታያል እማማ። ሳሎኑ በሙሉ ይታያል።»

«በሩስ? እኔ የምቀመጥበት?»

አዘጋጁ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም በታሪኩ ውስጥ ቤቱ የሚገኘው ቦሌ እንደ ሆነ በትሕትና አስረዳቸው። አሮጊቷ ፍንጃሉን እያቀበሉት ሣቁ።

«እንዴ! ታዲያ ቦሌ ሄዳችሁ አትሠሩትም ኖሯል?»

ካሜራ ያዡ ሣቀ፤ የድምፅ ባለሙያውም ሣቀ። ልጅዋን የተረዳችው ተዋናይ ግን አልሣቀችም። ፍንጃልዋን ይዛ ወደ በሩ ሄደችና ከእማማ መቀመጫ አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አህዮቹን ትመለከት ጀመር። መብራቱ እስኪስተካከል ሩብ ሰዓት ያህል እዚያው ቆየች። ካሜራው በዚያን ጊዜ ሳሎን ውስጥ ነበር።